ዝቅ ማድረጊያ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። ግድግዳው ስስ ብሎኬት፤
እኔ ሳስነጥስ «ይማርህ» የሚለኝ የጎረቤት ቤት።
ሲስተር ዘርትሁን ከሌሊት ተራ ገብታ ተኝታለች፤
ባለፈው ማክሰኞ በመወልወያ እንጨት ሦስቴ ቀጥቅጣለች።

አምፕሊፋየሬ ደግሞ አመሉ ሌላ፤
ከሆዱ ካልጮኸ አምፖሎቹ አይግሉም።
ዝቅ ያደረጉት እንደሆነ ይጫጫል፣
ጥርሱን ነክሶ እንደሚያወራ ሰው።

በድሉ፣ የቱሉ ዲምቱው ራዲዮ ጠጋኝ፣
የሰርዲን ቆርቆሮ በስቶ አንዲት ሳጥን ሠራልኝ፤
ባትሪ የላት፣ መብራት የላት፣ አንድ መዘውር ብቻ።
ከፔዳሎቹ ሰልፍ መጨረሻ እንደ ዘበኛ ትቀመጣለች፤
ጩኸቱን ሁሉ ትፈትሻለች፣
ስንጥር ታህል ታሳልፋለች።

መዘውሩ የአባቴ ነው።
ያኔ፣ የተከለከለ ጣቢያ በውድቅት ሲያዳምጥ፣
ጆሮውን ከራዲዮኑ ጨርቅ ለጥፎ፣
በዚህ ነበር ዓለምን ዝቅ የሚያደርጋት።
ጣቱ የሞረደው ጎኑ ልሙጥ ነው፤
ጣቴ እዚያው ገባ።

ባቲ ጀመርኩ።
አምፖሎቹ ጋሉ፣ ክሩ ነደደ፤
በመስኮቱ ማዶ፣ ገና ካልታጠረው የጤፍ ማሳ፣ አንድ ወፍ እንኳ አልተነሣም።
ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ሻይ እንደሚያማስል ማንኪያ ነው።
ጩኸቱን አልቀነስኩም፤
በሩን ነው ያጠበብኩት።

ከዚያ፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።
እጄ ደረቀ።

«ወንድሜ» አለች ከግድግዳው ወዲያ፣ እንቅልፍ ባጣ ድምፅ፣
«መጨረሻዋ ላይ ያለችው አልተሰማችኝም።
ትንሽ… ትንሽ ብቻ።»

የአባቴን ጣት ተከትዬ
የጥፍር ስፋት ያህል ከፈትኩላት።