የዳር ነገር

አይሱዙዬን ጭኜ፣ ለሰኞ ገበያ፣
ከኮምቦልቻ ባቲ ስነዳ ዓመት ሃያ፣
መንገዱን አውቀዋለሁ፣ እንደ ኪሴ ቀዳዳ፤
የቱ ጋ እንደሚጠብ፣ የቱ ጋ እንደሚጎዳ።
ባለፈው ጥቅምት፣ አመሻሽ፣ ገርባ ሳልደርስ ገና፣
በግራ ጎኔ በኩል አንድ ነገር ጓ አለና
አራጋው ጮኸብኝ፦ «ግመል ገጨህ ጌታው!»
ስወርድ ቁልቁል አየኝ፣ ግመሉ በእርጋታው።

ፍየል አይደል፣ በግ አይደል፣ ከቁጥቋጦ የወጣ፤
ግመል የሚያህል ነገር ከዓይኔ እንዴት ታጣ?
ግመል ሰርቆ አጎንብሶ፣ ሲባል ሰምቻለሁ፤
ከዓይን ላይ ሲሰረቅ ግን፣ ሌባው ሳያጎነብስ፣ የት አይቻለሁ?

በሳምንቱ ደሴ ወጣን፣ እኔና ሉባባ፣
ጉሙ ጦሳን ውጦ ከተማው ሲገባ።
ዶክተር ትርንጎ ስቃ ፊት ለፊት አስቀመጠችኝ፤
ቀኜን ስሸፍን እሷም ግራዋን ሸፍና አየችኝ።
«አፍንጫዬን ብቻ እይ፤ ጣት ስታይ ንገረኝ»፤
የሷ ዓይን ቁና ሆኖ እንደ ጤፍ ሰፈረኝ።
ከቀኝ ቶሎ አየሁት፤ ከላይም፣ ከታችም፤
ከግራ ግን ጣቷን
ጠበቅኋት። አልመጣችም።

ቀጥሎ መሣሪያው፦ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ፣ ነጭ ባዶ፣
እንደ ጫጩት ገባሁ፣ አገጬ ተጠምዶ።
«መሀሏን መብራት እይ፤ ብልጭ ሲል ቁልፏን ተጫናት፤
ዓይንህ እንዳይንከራተት።» «እሺ ዶክተር» አልኳት።
ለሹፌር ግን ይህ ግፍ ነው፤ ዓይናችን መች ያርፋል?
ከመስታወት መስታወት እንደ ወፍ ይከንፋል።

ብልጭ። ተጫንኩ። ብልጭ። ከዋክብት ሲረግፉ፣
አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ጭላንጭል፣ ሌሎቹ ጥርጣሬ ሆነው አለፉ።
ከዚያ ዝም አለ። ረዥም ዝምታ። ፈራሁ።
ሳላይ ተጫንኩ፣ ወላሂ፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዋሸሁ።
«ይማም፣ ማሽኑ ያውቃል» አለችኝ በኋላ፤
«በማንም ዓይን ውስጥ አለች የማታይ አንዲት ጥላ፤
ነርቩ የሚወጣባት። እዚያ መብራት ጥለን፣
ስትጫን እንታዘባለን።»
እንደገና ተጀመረ።

ወረቀቱ ወጣ፤ አመድማ ካርታ፤
ዘይት እንደነካው የጋራዥ ጨርቅ፣ ከግራ የጠቆረ ቦታ።
«ቀኙም ጀምሮታል፣ በአፍንጫህ በኩል። ግላኮማ ነው።»
«ኧረ ጥቁር ነገር አላየሁም!» ብዬ ተከራከርኩ።
እውነቴን ነበር። ግመሉ በቆመበት
ያየሁት አስፋልት ነው።
አንጎል ለካ ደግ ነው፤ ቀዳዳውን አይቶ፣
ይጥፍልሃል ዝም ብሎ፣ ከጎረቤት ቀለም ተበድሮ አምጥቶ።

«ዳር ሲነካ...» ብላ ትርንጎ አቆመች፤
«መሀሉ ዳር ይሆናል» ሉባባ ጨረሰች።
ጠብታ ታዘዘልኝ፣ ጧትና ማታ፤
የሄደውን አይመልስም። የቀረውን ይጠብቃል።
የመሪውን ነገር አልጠየቅኩም፤
እሷም አላነሳችው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን
የመኪና ቁልፍ ግን ደጋግማ አየችው።

ስንወጣ ሉባባ በቀኜ ናት። ቆምኩ።
ሁለት ዓመት ሙሉ በቀኜ ናት ለካ፤
«አውቀሽ ነው?» «ስንቴ ልገጭ በግራህ፤ ታከተኝ በቃ።»

ጉሙ ተገፏል። ጦሳ ላይ ዓይኔን ተከልኩ፤
ግራ እጄን ከጆሮዬ ጎን ዘርግቼ፣ ጣቴን አነቃነቅኩ፤
ወደ ፊት፣ በዝግታ። ገና ነው። ገና።
መንገደኛው ያየኛል። «አብሽር» አለች።
መጣች፣ አንዲት ጣት፤
ጥፍሯ ሥር ግሪስ አለ።