ጅብ ከሄደ በኋላ

ኢፍቱ የወደቀችው ከመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ብዙም አይደል ከፍታው፣
በአንድ እጇ ብሩሽ ይዛ፣ የኖራው ቆርቆሮ በሌላው፤
ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው።
የነደባው ጠርዝ «ቋ» አለ፣
ኖራው በቀዩ ወለል ተንጣለለ።
ደም አላየሁም። ባየሁ ይሻል ነበር፤
ደም ውሃ ያውቃል፣ ጨርቅ ያውቃል፤ የማይታይ ነገር
በምን ይጠረጋል?

ሕይወት ፋና፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ ያለችው አልጋ፤
ዶክተር ሌንሴ ፊልሙን ይዛ ወደ መስኮቱ ጠጋ
አለችና፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጥላውን ከበበችው።
«አንጎልም» አለችኝ «የራሱ ዘበኛ አለው፤
ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ገብቶ የሰፈረ፣
ከዚያ ወዲህ ያልወጣ፣ እዚያው ያረጀ፣ እዚያው የኖረ፣
ቀጫጭን ክንዶቹን ዘርግቶ ሰፈሩን ሲዳብስ ያደረ።
ጉዳት ሲደርስ ክንዱን ያጥፋል፣ ይወፍራል፣ ይነሣል፤
የሞተውን ይበላል።»
«ይበላል?»
«ካልበላማ ሬሳው ያጠገቡን ሕያው ያበላሻል።»

እኔ ግንበኛ ነኝ። የጁገልን ግንብ ስጠግን ሃያ ዓመት አለፈኝ፤
«ይበላል» ስትል ያ ከግንቡ እግር ሥር ያለው ቀዳዳ ታወሰኝ፤
አባቶች ድንጋይ አጥሯቸው አይደለም ክፍት የተዉት፣
ሌሊት ጅብ ሊገባበት፣
የሥጋ ተራውን ትራፊ ጠርጎ ጎህ ሳይቀድ ሊወጣበት።
ግንብ የሌለው ከተማ ይዘረፋል፤
ቀዳዳ የሌለው ይገማል።

በሦስተኛው ቀን አበጠ።
ግድግዳው ሳስቶ ኖሮ ከደሟ ሌላ ጭፍራ ወደ ውስጥ አመለጠ፤
እንግዳ ሁሉ፣ በማያውቁት አገር፣ ቁርበት አንጥፉልን የሚል፤
ማን ሊረዳ እንደ መጣ፣ ማን ሊበላ፣ ዶክተሯም አልለየችም በውል።
ኢፍቱ የእኔን ስም ረሳች።
የልጃችንን የጫማ ቁጥር ግን፣ ሠላሳ አንድ፣ አልሳተች።
በአሥራ አራተኛው ቀን «ሙኽሲን» አለች፤
እንደ ተፈለገ ባለዕዳ ደንግጬ ተነሣሁ፣
የያዝኩትን ሻይ አፈሰስኩት።

ድናለች ተባልን፣ ወጣን። ቤታችን ግን አልዳነም፤
የባጃጅ ጥሩምባ ያስለቅሳታል፤ ቀን በመጋረጃ፣ ሌሊት አትተኛም፤
ጨው ልታመጣ ጓዳ ገብታ ባዶ እጇን ትመለሳለች፣
«ምን ፈልጌ ነበር?» ብላ እኔ ላይ ትቆጣለች።
«ቁስሉ ሽሯል» አለች ሌንሴ፤ «ዘበኞቹ ናቸው ያልተኙት፤
‹ሄዷል› ቢሏቸው የማይሰሙት።
የሚነከስ ሲያጡ ጤነኛውን ክር ይነክሳሉ።»
«ብንገድላቸውስ?»
«ታዲያ ነገ ማን ይጠርጋል? ቀስ ብለው ይተኛሉ፤
አንዳንዴ ደግሞ አይተኙም። አልዋሽህም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ሰዉ፣ በፈሪ ሲያላግጥ፤
እኔ ግን ያንን ውሻ አሁን አወቅሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቁነጠነጥ።
ፈሪ አይደለም፤
መሄዱን የነገረው የለም።

ትናንት የሥራው ኃላፊ «ያችን ቀዳዳ በሲሚንቶ ድፈናት» አለኝ።
«እሺ» አልኩት። አልደፈንኳትም። ከጠየቀኝ፣ ድንጋይ አለቀብኝ።

ማታ በመንገዳችን አንዱ እያነከሰ አለፈ፤ አጥንት ሲሰብር ተሰማ።
ትጮኻለች ብዬ እጇን ያዝኩ። ኢፍቱ ግን አዳመጠች፤
«ሲጨርስ ይሄዳል» አለች።
እስኪነጋ ግን ዐይኗን እንደ ገለጠች ቆየች።

ግማሹ ግድግዳ ኖራ እንዳልነካው ነው። ብሩሹ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።
ውሃ ውስጥ ነክሬዋለሁ።