እሪ በከንቱ

«ቤትህ የት ነው?» ሲሉኝ፣ «እሪ በከንቱ» እላለሁ፤
«ሥራህስ?» ሲሉኝ ደግሞ፣ ያንኑ እደግማለሁ፤
ሲስቁ፣ እስቃለሁ።

ቀን ቀን አራት ኪሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣
የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ዲግሪ፣ የሰው ውል ስገለብጥ፣
ዓይኔ በማሽኑ ብርሃን እንደ ሽንኩርት ሲላጥ፣
ሲመሽ በራስ መኮንን ድልድይ፣ ድንች በፌስታል አንጠልጥዬ፣
አንዲት ስንኝ በአፌ እንደ ከረሜላ አገላብጬ፣ አሟሙቼ፣ ይዤ
እገባለሁ ቤቴ።

እናቷ ተረኛ ናት፣ ሆስፒታል ታድራለች፤
ትሩፋት እኔ ክንድ ላይ ሳትወድ ትተኛለች።
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ የመጨረሻው ታክሲ አልፎ፣
የጎረቤት ቴሌቪዥን አፉን ሲዘጋ አርፎ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስልኬን በስኳር ጣሳ አስደግፌ፣
ክራሬን እንደ ሌባ እነካለሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አቀርቅሬ።
ስቱዲዮ የምለው ይኼን ነው።

አንድ አሳታሚ ነበር፣ «ግጥሙስ ደግ ነው» ያለኝ፤
«ትንሽ ጭፈራ ጨምር፤ ‹ማሽላ›ን አውጣና ‹ውዴ› በልበት» ሲለኝ፣
ሻዩን ከፍዬ ወጣሁ። የሁለታችንንም። ኩራት አምሮኝ።
በነጋታው የታክሲ አነሰኝ።

ማሽላን እንዴት ላውጣ?

ቆቦ ሜዳ ላይ ነው፣ አባቴ የሠራው ማማ፣
አራት የግራር ባላ፤ ከላይ ጭድ፤ ከታች አገዳው ሰው ሲያማ።
ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጭቃ አድቦልቡዬ ለወንጭፍ፣
ጥንቅሽ በጥርሴ ስልጥ፣ ምራቄ በአገጬ ሲንጠፈጠፍ፣
ግሪሳ እንደ ጭስ ሲመጣ፣ እንደ ጥቁር ሻሽ ሲታጠፍ፣
ከማዶ ማማ ላይ አባቴ ጓንጉል ሲጮህ፣
ሰማዩ እንደ ቁርበት ሲገፈፍ።

«ሃ…ይ! ሆ…ይ!»

እሱ ዘፍኖ አያውቅም፤ በሰርግም ባጨዳም ዝም፤
ቤት ሲገባ፣ «ብላ»፣ «ተኛ»፤ ከዚያ በላይ አያወጣም።
ጩኸቱ ውስጥ ግን ስሜን ያስገባል፣
«ነቅተሃል ወይ፣ አራጌ!» ይላል፤
«ሆይ!» ስል፣ ወፉ ይበተናል።
እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነበር፤
አሁን ግን ሌላም ይመስለኛል።

ዓምና ጉሮሮው ታሞ፣ ለሐኪም አዲስ አበባ መጣ፤
ሦስት ሳምንት አልጋዬ ላይ፣ ከትሩፋት ጋር ተኛ፤
እኔ መሬት ወጥቼ።
ሲሻለው፣ አፍሬ አፍሬ፣ ማዳመጫውን በጆሮው ሰክቼ፣
ጩኸቱን አዝማች ያደረግሁበትን ዘፈን፣ አራት ዓመት የለፋሁበትን፣ ከፈትኩለት።
ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። አንዴ ራሱን ነቀነቀ።
ሲያልቅ፣ ሽቦውን ነቅሎ ጠቀለለ፤ ቀስ ብሎ አጠባበቀ፤
በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ፣
«ጩኸቱስ ጩኸት ነው፤ ወፎቹ የታሉ?»
ብሎ ጠየቀ።

ወፎቹ የታሉ?
ስምንት ወር አላመጥኳት፤
ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ ክንፍ መሰለኝ፣ ቆሜ ሰማሁት፤
ዘፈኑን ሰረዝኩት፤ ሠራሁት፤ ሰረዝኩት።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ጠዋት። ስልኩ እየቀዳ ነው።
ሁለተኛው ቤት ላይ ነኝ።
ደጃፍ፣ እናቷ በሰፌድ ያሰጣችው ምስር አለ፤
የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ እርግብ ተኮለኮለ፤
አንዷ ወረደች፣ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም፤
ትሩፋት በባዶ ሆዷ፣ በአንድ እግር ካልሲ፣ ብድግ ብላ፣

«ሃ…ይ! ሆ…ይ!
ነቅተሃል ወይ፣ አራጌ!»

እኔ አላስተማርኳትም።
ቆርቆሮው ክንፍ በክንፍ ሆነ፤ ምስሩ ተበተነ፤
ከላይ መንገድ ወያላው፣ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ድምፁ ከድም፧ ተዳቀለ።
ጣቴ ክሩ ላይ ቀረ።
«ሆይ» ማለት ነበረብኝ። አልወጣኝም።
ቅጂው ላይ እዚያ ጋ ባዶ አለ።

አልሰረዝኩትም። እንዳለ፣ ከነባዶው፣ ከነቆርቆሮው፣
ለአባቴ ላኩት፤
ቅዳሜ፣ ገበያ ሲወጣ ነው፣
ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው።

ዛሬ ገና እሑድ ነው።
ምስር እየለቀምን ነው።