የወሩ መጀመሪያ ዓርብ

ምርጫው ወር ሲቀረው፣ ሎሬን ኦሃዮ ላይ፣
ቁጥሩ ዓርብ ጧት ዘነበ ከዋሽንግተን ሰማይ።
አንዱ «ሥራ በዛ» ብሎ ሲያጨበጭብ፣
ሌላው «ተቀባብቷል» ይላል፣ ነጥብ በነጥብ፤
ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ መስኮት፣
ይናከሳሉ ስለ ዜሮ ነጥብ ሁለት።

ዴልማር ሁርስካ ግን ቀና ብሎ አላያቸው፤
ካልሲ ያጣምራል፣ ገና ትኩስ ናቸው።
ሌሊት መጋዘን ይጠብቃል፣
ጧት የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል፣
ቅዳሜ ፒዛ ያደርሳል፤
በመዝገቡ ላይ ሦስት ሥራ ነው እሱ፣
ሦስት የምሥራች። አንድ ነው ትራሱ፣
እሱም በርዶት ያድራል፣ ሳይነካው ራሱ።

ወንድሙ ቬርነን፣ የብረት ፋብሪካው ሰው፣
በሩ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት አለፈው።
ማመልከቻ ጻፈ፣ ጻፈ፣
ሰለቸውና ተወ።
ያን ጊዜ ከሥራ አጦች መዝገብ ስሙ ጠፋ፤
«ሥራ አጥ ቀነሰ!» ተባለ፣ ፊኛ ተነፋ።

አንዲት ጠያቂ በስልክ «ሥራ ፈት ነህ?» ብትለው፣
«እኔስ አልፈታኋትም» አላት፣ ሳሉን ዋጥ አድርጎ፣
«እሷ ፈታችኝ እንጂ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ቀለብ።
ዛሬ ባሏ ሜክሲኮ ነው አሉ።
ይቅናት።»

«ቁጥር አይዋሽም!» አሉ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ።

ዴልማር ካልሲውን ቆጠረ፦ አሥራ ሦስት።
የቬርነን ተረከዙ አያልቅም፣ የትም አይሄድበት።
ደግሞ ቆጠረ። አሥራ ሦስት።
ያቺን የጎደለች አንዲት ፍለጋ
እጁን እስከ ክንዱ
ማድረቂያው ሆድ ከተተ።