ቅቤው ምን ላይ ይዋል?

ታውኖ ሲሞት፣ በካሬሊያ በረዶው ጉልበት ደርሶ፣
መጋዙ ቀረ ከጥዱ ወገብ፣ ግማሹን ጎርሶ።
አርባ ሦስት ዓመቱ፣ ጥርሱ ያልተነቃነቀ፣
ግንድ በትከሻው ተሸክሞ የሳቀ።
ሐኪሙ ደረቱን ከፍቶ አይቶ ነገረኝ፦
«የልቡ ሥር ጠቧል፣ ስብ ደፍኖታል» አለኝ።

ስብ? የማን ስብ? የኔ ነው።
ከላሜ ከሙስቲኪ አልቤ፣ በእጄ የናጥሁት ነው።
ከዳቦው ላይ ስከምር፣ ጥርሱ ዱካ እስኪጥልበት፣
«ሂልያ፣ ጨምሪ» ሲለኝ መች ሰስቼበት?
አማቴም ትል ነበር፦ «ቅቤ የሌለው ቤት
ፍቅር የሌለው ነው።» አመንኳት በእውነት።

ነርሷ በስኪ መጣች፣ ክንዴን አስራ ለካች፣
«ከእንግዲህ ልብ በይ፣ ለልጆቹ» አለች።
ልብማ በላሁ እንጂ፣ ልብ መች አልኩ እኔ፣
በቁሙ ሲደፈን
«ወዛልኝ» እያልኩኝ፣ እያየሁት በዓይኔ።

አሁን ልጆቹ ዳቦ በቀይ ፍሬ ይበላሉ፤
«ይደርቃል» ይላሉ።
ሙስቲኪ አታውቅም፤ ማለዳ ትጮኻለች፤
ጡቷ ሞልቶ፣ አልባታለሁ፤ እሷ ምን አጠፋች?
ቅቤውን ምን ላድርገው? ቆሜ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣
ትናንት የበሩን ማጠፊያ በእሱ አለሰለስኩ።
ታውኖ ሲገባ ሲያቃስት የኖረው በር
ይከፈታል ዛሬ፣ ዝም ብሎ፣
ማን ሊገባ ብሎ።