ከጊዲር መገላ የተገዛ ጆሮ

የፍየል ጆሮ ነው የምገዛው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በማለዳ፣
ከጊዲር መገላ፣ ጭልፊት እያንዣበበ ሥጋ ከሚነጥቅባት ሜዳ።
ነጂብ ቢላውን በቢላ እየሳለ ይስቅብኛል፦
«ሰው ጉበት ይገዛል፣ ሰው ታፋ ይገዛል፤
አንቺ ግን ጆሮ! ምን ልትነግሪው?»
ጠጉሩን እንዳይነካብኝ እለምነዋለሁ፤ እኔው ነኝ የምላጨው፣
በቀስታ፣ ጭረት ሳላስነካው።
የተጫረ ቆዳ ውሸታም ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል፤
የደህና ቆዳ ሙያው እምቢታ ነው።

ኮሌጃችን ምድር ቤት አንዲት ብርጭቆ አለችኝ፣ ወገቧ ላይ የምትከፈት፣
ጆሮውን ገፍፌ እንደ ከበሮ የምወጥርባት።
ከላይ መድኃኒት፣ ከታች የጨው ውሃ፣
ሙቀቱ የሰው ገላ ያህል፣ መብራት እስኪሄድ ድረስ።
በየሰዓቱ ከታች እቀዳለሁ፣
በየሰዓቱ ደብተሬ ላይ ያንኑ እጽፋለሁ፦
ዜሮ።
ዜሮ።
ዜሮ።
አልሰማም ያለ ጆሮ።

አይ ዘይቱና፣ የእናቴ ታላቅ፣ ጉሮሮዋ ከጠበበ መንፈቅ ሆነው።
ከአፍ እስከ ሆድ ለእኛ አንድ ጉንጭ ውሃ ነው፤
ለእሷ የደንገጎ ቁልቁለት፣ ያውም በሌሊት፣ ያውም በአይሱዙ፣ ፍሬን በሌለው።
ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ ደቁሰን ብንበጠብጥላት
ግማሹን ሻሿ ጠጣው፣ ግማሹን ነደባው ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ፤
ሕመሙ ግን አንድም ጠብታ አልደረሰው።

የአጎቴ ልጅ ከጅቡቲ ሦስት ልጣፍ አመጣ፣
እንደ ቴምብር የሳሳ፣ ዋጋው ግን የወር ደሞዜ።
አንዱን ከክርኗ በታች ለጠፍኩላት።
ተኛች። እኛም ተኛን፤ ቤቱ ራሱ የተኛ መሰለኝ።
ለሱብሒ ብነሳ፣ ልጣፉ መታጠቢያው ጣሳ አፍ ላይ ተጣብቋል።
ጮህኩባት።
ድምፅ የላትም፤ ጣቷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ አንሸራታ አሳየችኝ፦
ውሃ ያልነካው ቆዳ ይዤ እንዴት ልቁም?
አፈርኩ። ሰባት ዓመት ስለ ቆዳ ተምሬ
ውዱእ የሚደርስበትን ከማይደርስበት አልለየሁም።
ሁለተኛውን ከትከሻዋ ኋላ አኖርኩት፣
ውሃውም፣ የእሷም እጅ የማይደርስበት።

አንዱ ልጣፍ ሦስት ቀን ይሠራል።
የቀሩት ሁለት፣ ስድስት ቀን።
ሰባተኛው ቀን የማን ነው?

በሰባተኛው ሌሊት ከማቃሰቷ ሸሽቼ ወጣሁ።
ከተማችን አምስት በር አላት፤ ጅብ ግን በር አያንኳኳም፤
ከግንቡ ግርጌ፣ ከልጅነቴ በማውቃት ቀዳዳ፣
ትከሻውን አጥፎ፣ ድንጋዩን ሳይነካ፣
የቀኑን አጥንት ሊጠርግ ገባ።
ግንቡን የካቡት ሰዎች እምቢ ሊሉ ነበር የካቡት፤
ለሚጠርገው ግን ከእምቢታው ሥር ትንሽ አጎደሉለት።
ቆሜ ቀረሁ። ጅቡም አየኝና ናቀኝ።

በማግስቱ ከስኳር መርፌ ሠራሁ፣ መቶው በአንድ ጥፍር ላይ የሚሰፍር፣
ከትንኝ መንደፊያ ያጠረ፣ ደም ጋ ሳይደርስ የሚሟሟ።
ከነጂብ በገዛሁት ጆሮ ላይ አሳረፍኩት፣ በአውራ ጣቴ፣ እንደ ማኅተም።
አንደኛው ሰዓት፣ ዜሮ።
ሁለተኛው፣ ዜሮ።
በሦስተኛው መብራት ሄደ፤ ብርጭቆዋን በሁለት መዳፌ አቅፌ አሞቅኋት።
በአራተኛው፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት።

ምንም አይደለም። የአንድ ጥርስ ሕመም አያስታግስም።
ከዚህ እስከ ሰው ክንድ ስንት ማክሰኞ እንዳለ አውቃለሁ፤
አይ ዘይቱና ስንት ማክሰኞ እንዳላት ግን አልጠይቅም።

«ዛሬስ ሰማሽ?» አለኝ ነጂብ፣ ጆሮውን በጋዜጣ እየጠቀለለ።
«አንድ ፊደል» አልኩት።
ዋጋ ጨመረብኝ፤ «የሚሰማ ከሆነማ» ብሎ።
ሁለት ገዛሁ።