ተራ ቁጥር አሥራ አራት

እኔ አሸዋ አልረጨሁ፣ ቱቦም አልጨበጥሁ፤
ፎቅ ላይ ነው ወንበሬ፣ መዝገብ ነው የያዝሁ።
ኢስታንቡል ዳርቻ፣ ከምድር በታች ቤት፣
አዲስ ጂንስ ገብቶ አርጅቶ የሚወጣበት፣
ከእግሬ ሥር ሲያጓራ ኮምፕሬሰሩ ውሎ፣
ማንኪያዬ ሲንቃጨል ሻዬ ውስጥ ተጥሎ፣
ደመርሁ፣ ቀነስሁ፤
ወጪ ገቢ ጻፍሁ።

ጂዋን፣ ቤራት፣ ሸርዋን፣ ያጎት ልጆች ናቸው፤
ከምሥራቅ ተራራ፣ ከበረዶው አገር አውቶቡስ ጥሏቸው፣
ጢም እንኳ ሳያበቅሉ ሥራ ሰጠናቸው።
አልጋቸውም እዚያው፣ ካሸዋው ክምር ሥር፤
ቅንድባቸው ነጥቶ ሲነቁ፣ "አባባ" ይባባሉ ነበር።

ጭኑን ያሳሱታል፣ ጉልበቱን ያነጡታል፣
ሰው ሃያ ዓመት ለብሶ የማያደርሰውን
ባሥር ደቂቃ ያደርሱታል።
"ደንበኛ የሚወደው" ይላሉ ሃይሬቲን ቤይ፣
"ሕይወት ያየ ሱሪ ነው።"

ጎረቤት አዋራው ደርሶት እንዳይቆጣ፣
መስኮቱን አሸግነው፤ ቅንጣት እንዳይወጣ።
መውጫ ብንነሳው፣ መግቢያ ግን አላጣ።

የዚያ ዓመት በጀት ሠላሳ መስመር ነበር።
አሥራ አራተኛው ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦
አየር መምጠጫ፣ ሁለት፣ ከነመግጠሚያው።
ባለ ማጣሪያ ጭንብል፣ ለያንዳንዱ ሰው።
ከጎኑ ዋጋው፦ ያንድ ቀን ተኩል ሱሪ።

ሃይሬቲን ቤይ አዩት፤ ጣታቸው እዚያ ቆመ።
"ሻሽ የላቸውም ወይ፣ አፍ የሚሸፍኑበት?"
"አላቸው" አልሁ።
አልዋሸሁም። ነበራቸው።
ቀዩን እስክሪብቶ ወደኔ ገፋ አደረጉት።
ማስመሪያ አነሳሁ፤ ቀጥ አድርጌ ሰረዝሁት።
መስመሩ ያምር ነበር።

አንዴ ተቆጣጣሪ መጣ። ሻይ ጠጣ።
የምድር ቤቱ ቁልፍ ጠፋ ተባለ።
ሁለተኛ ሻይ ጠጣ። ፈረመ።

ቤራት ልጅ ሳለ ሳለ።
ሳለና ሳቀ፤ "ብርድ ነው" አለ።
ጸደይ መጣ፤ ብርዱ ግን ከደረቱ አልወጣ።
ደመወዝ ሊቀበል ወደኔ ሲመጣ፣
አሥራ ሁለት ደረጃ ሦስቴ አርፎ ሲወጣ፣
ቆጠርሁለት። መቁጠር ሥራዬ ነው።
ደመወዝ፦ ደም አለበት፣ ወዝ አለበት ቃሉ፤
ትንፋሽ ግን የት አለ፣ በየትኛው ውሉ?

ሐኪሟ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ
ዝም አለች አሉ። ሸርዋን ነው የነገረኝ።
ሳንባው በረዶ የጣለበትን መንደሩን መስሏል፦
ጣራ የለ፣ መንገድ የለ፣ ነጭ በነጭ።
"ዕድሜ?" "ሃያ ሦስት።"
ምን ይገርማል?
ቤታችን የታወቀው አዲሱን በማስረጀት ነው።

ፍርድ ቤት፣ ባራተኛው ዓመት፣
"አላወቅሁም" አሉ ሃይሬቲን ቤይ፤
"አዋራ እንደሚገድል ማን ነገረኝ?"
ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች።
"ማወቅ የአሠሪው ነው" አለች።
"ከበርዎ የገባ ሰው
በገባበት ደረት እንዲወጣ
መጠበቅ የአሠሪው ነው።
ጤና የበዓል ስጦታ አይደለም።"

መዝገቡን ያቀረብሁት እኔ ነኝ።
ዘግይቼ፣ ቤራት ከተቀበረ በኋላ። ይህም ይጻፍ።
ስርዝ ፍቅ አይደለም፤
በማስመሪያ የተሰረዘ ከሥሩ ይነበባል።

"አሥራ አራትን ያንብቡልን" አለችኝ።
ከኋላ ያሉት ሳሉ፤ ፖሊሱ "ጸጥታ!" አለ፤
ሳል ትእዛዝ አይሰማም።
"አየር…" ብዬ ጀመርሁ፤ ጉሮሮዬ ተያዘ፣
አሸዋ ያልረጨሁት፣ ቱቦ ያልጨበጥሁት።
አንድ እጅ ከኋላዬ ውኃ አቀበለኝ።
ዞሬ ፊቱን አላየሁም፤
ጥፍሩ ሥር ግን ታጥቦ የማይለቅ
ሰማያዊ ነበር።